አራተኛው መስመር

እንደ ታላቂቱ አባባል፣ አርብ ከሥራ መልስ፣ መብራት ገና ሳይበራ፣ ታናሽ እህቷ የአባታቸውን አኮርዲዮን ከደረቷ ፈትታ አልጋው ላይ ወረወረችው። እንደ ታናሺቱ አባባል ግን አስቀመጠችው፤ ጠንከር አድርጋ ይሆናል እንጂ አስቀመጠችው። ጠያቂ ቢኖር አንደኛዋ «በሁለት ዓይኔ ያየሁትን!» ሌላዋ «በገዛ እጄ ያደረግኩትን!» ማለታቸው አይቀርም ነበር። ሁለቱ የሚስማሙት ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ብቻ ነው። አልጋው የድሮ ባለሞላ አልጋ ነውና አኮርዲዮኑን ተቀብሎ አንድ ጊዜ አነጠረው፤ አኮርዲዮኑ በጠርዙ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወረደ፤ ወናፉ ተዘረጋና ከቁልፎቹ አንዱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ረዥም ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ወናፉ ትንፋሹን ጨርሶ እስኪተኛ ድረስ ያቺ አንዲት ድምፅ አላቋረጠችም። ታላቂቱ «እሰይ! አሁን ገና ዘፈነ» አለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ሰው ለሰው የተናገረው ነገር የለም። ማን እውነቱን እንደተናገረ የሚያውቀው አልጋው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሁለቱንም ክብደት ሲሸከም የኖረ ስለሆነ ለማንም አያዳላም።

ቅዳሜ ጠዋት ታናሺቱ ስትነሳ ሻይዋ በማስቀመጫው ተከድኖ፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቃት። በዚያ ቤት ኩርፊያና ሻይ አይተዋወቁም። የተኮራረፉ ዕለትም ሻዩ በሰዓቱ ይፈላል፤ እንዲያውም ስኳሩ በዛ ይላል። ታላቂቱ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ዘንድ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ማዞሪያው ተሰብሮ በፕላስተር የተጠቀለለ ሬዲዮ አለ። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አጥልቃ የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ጋር ስታገናኝ ኖራ፣ ከሥራዋ ይዛ የወጣችው ትልቁ ነገር ዝምታ ነው። ኦፕሬተር ይሰማል እንጂ አይናገርም። ሰው ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ሲዋሽ ሰምታ እንዳልሰማች ወደሚቀጥለው መስመር ስታልፍ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። ቤቷም ውስጥ እንዲሁ ናት፤ ካልጠሯት አትገባም። ታናሺቱ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። አኮርዲዮኑ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ የወሰነችው ነገር አለ፤ ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ለአስተማሪዋ ታስረክበዋለች፤ ለሚችል ይስጠው። ውሳኔዋን ለእህቷ ለመንገር አፏን ከፈተች፣ የእህቷን ጀርባ አየች፣ አፏን ዘጋች። ሣጥኑን አንስታ ወጣች። ሣጥኑ የበሩን ጉበን ሲመታ ታላቂቱ ዞር ብላ አየች።

አኮርዲዮኑ አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። ከስምንት ወር በፊት ታናሺቱ ብርድ ልብስ ላወርድ ብላ ስትንጠራራ ሣጥኑን ነካችው፣ ነክታም ከፈተችው፣ ከማንገቻው ሥር አንድ ወረቀት አገኘች። በአባቷ እጅ የተጻፈ ኖታ ነው። አራት መስመር፣ ርዕስ የለው፣ ቀን የለው። ኖታ ማንበብ ስለማትችል ወደ ሙዚቃ አስተማሪ ወሰደችው። አስተማሪው ገና ሁለት መስመር እንደተጫወተላት ዜማውን አወቀችው፤ አባቷ እሑድ እሑድ ጠዋት ቤት ውስጥ ብቻ የሚጫወቱት፣ በሚሠሩበት ሆቴል አንድም ቀን ያላሰሙት ዜማ ነበር። «ይበቃል ጋሼ፣ አይቀጥሉ» ብላ አስቆመችው። «የቀረውን በገዛ እጄ ነው የምሰማው።» በአርባ ስድስት ዓመቷ ተማሪ የሆነችው በዚህ ቃል የተነሳ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲናገሩት ደስ ይላል፤ መከራው ሲያነሱት ነው።

መከራው ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። እዚያ መሀል ላይ መሀል ጣት በአውራ ጣት ላይ ተሻግሮ ሩቅ ያለውን ጥቁር ቁልፍ መያዝ አለበት፤ ግራ እጅ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ወናፉን መመለስ አለበት። መሀል ጣቷ ሲሻገር ወናፉ ይረሳል፤ ወናፉን ስታስታውስ ጣቷ ጎረቤት ያለው ቁልፍ ላይ ያርፋል። በተሳሳተች ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ከአባቷ የሰማችው ነው። ልጅ ሳለች እናቷ የተተኮሰ ሸሚዝ ለአባቷ ስታደርስ እሷን አስከትላ ወደ ሆቴሉ ትሄድ ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ልምምዱን ይሰማሉ። አንድ ሰው ሲሳሳት አባቷ እግራቸውን ወለሉ ላይ መትተው «ከመጀመሪያው!» ይላሉ። ባንዱ በሙሉ ይቆማል፣ ከመጀመሪያው ይነሳል። ያ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። አስተማሪዋ «ያስቸገረሽን ቦታ ብቻ ለይተሽ ያዢው፤ ከመሀል ጀምሪ፣ ከፈለግሽ ከታች ጀምሪ» ብሎ ስንት ቅዳሜ ለምኗታል፤ እሺ ትላለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን ጣቷ ሲሳሳት እግሯ ራሱ ወለሉን ይመታል። እንዲህ ሆኖ በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር ሺህ ጊዜ ተጫውታለች፤ አራተኛውን አንድም ጊዜ አልደረሰችበትም። ሦስተኛው መስመር ላይ በደረሰች ቁጥር ደግሞ፣ ልክ ጣቷ ሊሻገር ሲል፣ ከጓዳ በኩል የእህቷ ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ይላል። የፕላስተሩን ጩኸት ሳይቀር ለይታ ታውቀዋለች። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው ብላ ነበር። ኋላ ግን ገባት፤ እህቷን አንገሽግሿታል።

ታናሺቱ የምትሠራበት ስፌት ቤት ከአንድ ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። ከላይ ሰው በወረደ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ በአረማመዱ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ልክ የወጣለትና ያልወጣለት ልብስ፣ በሩ ላይ ደግሞ «ዚፕ እንቀይራለን» የሚል ጽሑፍ። ሁለተኛው መኪና ላይ የሚሠራው የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ተኳሽም ቁልፍ ተካይም እሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ካውያ ይለዋል፤ ለሥራው ይሁን ቶሎ ስለሚግል አልተለየም። እሷ ስፒሎቿን እንደ ወትሮው ሹራቧ ደረት ላይ ሰካች። ማስቀመጫ አላት፤ ግን ለሃያ አምስት ዓመት እጇ የለመደው ደረቷን ነው። ካውያ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ትልቅ ሣጥን አይቶ ፈገግ አለ።

«እታለም፣ ልምምዱ እዚህ ድረስ መጣ? እኔ ደስ ይለኛል፤ የላይኞቹ ጠበቆች ግን ይከሱናል።»

«ላስረክበው ነው።»

«ለማን?»

«ለጋሼ። በቃኝ።»

ካውያ እጁ ላይ ያለውን ካውያ አቆመው። ነገ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጋሼ ተማሪዎች በቤተሰቦቻቸው ፊት እየተነሱ የሚጫወቱበት ቀን ነው፤ እሷም ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ ናት፤ እሱም ከሚስቱ ጋር ተጋብዟል። «ሚስቴ እኮ ቀሚሷን አስተኩሳ ጨርሳለች። ደግሞስ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?»

«እንቁላሉማ ሄዷል» አለች መኪናዋ ላይ እየተቀመጠች። «እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ካውያ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ስለዚህ ሳቁን መሀል ላይ አቁሞ ሥራውን ቀጠለ። ከእሱ ጋር መሥራት የሚመቸው በዚህ ነው፤ ቀልዱን ያውቃል፣ ቀልዱ የት ማቆም እንዳለበትም ያውቃል። እስከ እኩለ ቀን ድረስ የመኪናዎቹ ድምፅና የላይ ደረጃው ኮቴ ብቻ ተሰማ። ሁለት ሱሪ አሳጠረች፣ አንድ ዚፕ ቀየረች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እግሯ መርገጫው ላይ ሲረግጥ ያንኑ ዜማ ይረግጣል፤ ደግሞ መስፊያው እንደ ልብ ይሄድላታል፤ የትም አይሰናከልም። ይህ ይበልጥ አበሸቃት። በዚህ እጅ ነው እንዴ ያ ሁሉ የሚያቅተኝ?

እኩለ ቀን ሲሆን አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ያሰፋችውን ኮት ልትወስድ መጣች። መስታወቱ ፊት ቆማ ግራ ትከሻዋን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ደግማ ግራውን አየች። «ሁለቱ እጆቼ አንድ እናት የወለደቻቸው አይመስሉም» አለች። እውነቷን ነው። የግራው እጅጌ ከትከሻው ጋር በተጋጠመበት ቦታ ላይ ጨርቁ ትንሽ ተሰብስቧል፤ ትናንት አርብ ወደ ማታ፣ ልቧ ልምምዱ ላይ ሆኖ የሰፋችው ነው። ኮቱን አስወለቀቻት፣ ገበሩን ገለበጠች፣ ክሩን ከጣቷ ሥር እያስኬደች የተሰበሰበበትን ፈለገች፤ አገኘችው። በምላጩ ጫፍ አራት ጣት የሚያህል ብቻ ተረተረች። ዳይሬክተሯ አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆይታ፣ «ከሆነ አይቀር እጅጌውን እንዳለ ፈትተሽ እንደ አዲስ ብትጀምሪው አይሻልም?» አለች።

«እንዴት ተደርጎ! ደህናው ስፌት ምን አጠፋ?»

ይህን ያለችው ቀና እንኳን ሳትል ነው። ስፒል ከደረቷ እየነቀለች ጨርቁን አስተካክላ ያዘችው፣ ከተተረተረው ትንሽ ቀደም ብላ ደህናው ስፌት ላይ ጀመረች፣ ክፍቱን አለፈች፣ ትንሽ ደግሞ ደህናው ላይ ገብታ አቆመች። ካውያ በእንፋሎት አሻረው። ዳይሬክተሯ ለብሳው ዞር ዞር አለችና «አሁን ወንድማማቾች ሆኑ» ብላ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በእጇ የቀረችውን ቁራጭ ክር ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትንሽ ተቀመጠች። አንድ ነገር ሊገባት ብሎ ሳይገባት ያለፈ መሰላት፤ ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው። ከዚያ ተነሳች፣ መኪናዋን ሸፈነች፣ ሣጥኑን አንስታ ወጣች።

ሙዚቃ የሚማሩበት ክፍል ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ነው። ድምፅ ወደ ሕመምተኛው እንዳያልፍ ግድግዳው ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተቸንክሯል፤ ወንበሮቹ ከየቤቱ የተለመኑ ስለሆኑ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አስተማሪው ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን በማርሽ ባንድ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ፊቱ ላይ ጋሼ፣ ከኋላው ደግሞ «ጋሼ ቀስ በሉ» ይሉታል፤ ከአፉ የማይለየው ቃል ስለሆነ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ነገ የሚጫወቱት ሰዎች ዝርዝር በጠመኔ ተጽፏል። ስም የማይያዝለት ሰው ስለሆነ ሁሉንም በሥራቸው ነው የጻፋቸው፦ ጸጉር አስተካካዩ፣ አንደኛዋ ነርስ፣ ሌላዋ ነርስ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር። ሰባተኛው ላይ «ልብስ ሰፊዋ፣ የአባቷ ዜማ» ይላል።

ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቆማ ተናገረች። አስባው የመጣችው ረዥም ንግግር ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ሆነ። «ጋሼ፣ አልቻልኩም። ትናንት ደግሞ ወደቀና ተበላሸ። ለሚችል ተማሪ ይስጡልኝ።» ጋሼ ሣጥኑን ከፈተ፣ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ወናፉን ዘረጋው። ያቺ የትናንቷ ድምፅ ወጣች። እሱ እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠግቶ ሰማትና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በቁልፎቹ መካከል አጮለቀ። ከመሳቢያው ወረንጦ አወጣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ስሙ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንዲት ቀጭን የምታብረቀርቅ ነገር ስቦ አውጥቶ ወረቀት ላይ አኖራት።

ስፒል ናት።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሏን አየች፣ ጎንበስ ብላ የሹራቧን ደረት አየች። ስድስቱ ስፒሎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከሥራ ስትመለስ ሳታወልቃቸው ነው ለካ በየማታው አኮርዲዮኑን የምታቅፈው! አንዷ ሾልካ ቁልፎቹ መካከል ገብታለች፤ ከአልጋው ሲወርድ ደግሞ ሥር ድረስ ዘልቃ ቁልፉን ይዛዋለች። ጋሼ ወናፉን እንደገና ዘረጋው። አኮርዲዮኑ ዝም አለ፤ ማንም ካልነካው አይናገርም።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ አልነበረም!» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኖ። «ስፒሏ ናት!»

«የትናንቱ ጥፋት የስፒሏ ነው» አለ ጋሼ። «የስምንት ወሩን ግን እሷ ላይ አታላክኪ ልጄ። እሷም የራሷ ኑሮ አላት።»

ከአርብ ወዲህ የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ያው ሦስተኛው መስመር እዚያው ነበር። ጋሼም አይቶባታል። «ስንቴ ነገርኩሽ፤ ከመሀል ጀምሪ ብዬ» አለ። «አባትሽ ‹ከመጀመሪያው› ብለዋል አልሽኝ። እኔ ከሕያው ሰው ጋር መከራከር አያቅተኝም። ከሞተ ሰው ጋር ግን እንዴት ብዬ? የሞተ ሰው አይረታም።» አኮርዲዮኑን ሣጥኑ ውስጥ መልሶ ቆለፈና ወደ እሷ ገፋው። «ስጦታ በንዴት ቀን አልቀበልም። ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አምጥተሽ ‹ትቼዋለሁ› ካልሽ እቀበልሻለሁ። ስምሽንም ካሁኑ ላጥፋ ካልሽ ማጥፊያው ያውልሽ፤ እኔ በእጄ የጻፍኩትን አላጠፋም።» ማጥፊያውን አነሳች። በሰባተኛው ተራ ላይ የተጻፈውን ለጥቂት ጊዜ አየችው። «የአባቷ ዜማ» የሚለው ላይ ዓይኗ ቆየ። ማጥፊያውን መልሳ ቦታው አኖረችው፣ ሣጥኗን አነሳች፣ ስፒሏንም ከወረቀቱ ላይ አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። ታላቂቱ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንች ትልጣለች፤ ሬዲዮው ላይ የሆነ ሰው ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ያወራል። ሣጥኑ በበሩ ሲገባ የታላቂቱ ቢላ ቆመ።

«አልሰጠሽውም?» አለች።

«በምን አወቅሽ ልሰጥ እንደነበር?»

«ጠዋት ሣጥኑን ይዘሽ ወጣሽ፤ ወረቀቱን ግን ጠረጴዛው ላይ ትተሽ ሄድሽ። ለልምምድ የሚሄድ ሰው ወረቀቱን ይይዛል።»

ታናሺቱ ዞር ብላ አየች። የአባቷ ኖታ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጠዋት የጣለችው ተጨማዶ ነበር፤ አሁን ግን በመዳፍ ተዳብሶ ተስተካክሏል፤ ነፋስ እንዳይወስደውም የስኳሩ ዕቃ ተጭኖበታል። ከኪሷ ስፒሏን አውጥታ ወረቀቱ አጠገብ አኖረቻት። «ይቺ ናት እትዬ። ቁልፉን ይዛው የነበረችው ይቺ ናት። ከደረቴ ላይ ነው የገባችው። ቀድሞም እዚያው ገብታ ነበር፤ መውደቁ ብቻ አይደለም።»

ታላቂቱ ስፒሏን አንስታ ወደ ብርሃኑ አደረገቻት። ብዙ አየቻት። «እንዲህ ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ ድንቿን እያነሳች፣ «አስቀመጥሽው እንበል።»

«ኧረ አይደለም። ወረወርኩት።»

«አስቀመጥሽው አልኩ!»

«እትዬ፣ ወረወርኩት! በገዛ እጄ ነው!»

«እኔ በዓይኔ አይቼ ነው!» አለች ታላቂቱ፤ እንዲህ ብላ ገና አፏን ሳትዘጋ የተናገረችው ለራሷ አስቆጣት፣ ቀጥሎም አሳቃት፤ ልጣጩ ከሳህኑ እስኪፈስ ድረስ ሳቀች። ታናሺቱም አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች፤ አልጋውም ሞላውን እያስጮኸ አገዛቸው። ሳቁ አልቆ ዓይናቸውን ሲጠራርጉ ታናሺቱ ወራት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ይዛው የኖረችውን ጥያቄ ሳታስበው ለቀቀችው።

«ይህን ያህል ካልጠላሽው፣ ሬዲዮውን ለምንድነው የምታስጮሂብኝ? ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ ጣቴ ሊሻገር ሲል።»

ታላቂቱ የላጠችውን ድንች ውኃ ውስጥ ከተተች፣ ሌላ አነሳች፣ ሳትልጠው እጇ ላይ ያዘችው። «ስልክ ቤት ሳለሁ» አለች፣ «ለአንድ ጥሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር። መስመሩ መሀል ላይ ሲቋረጥ እንደገና አገናኛቸዋለሁ። ታዲያ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ከ‹ሃሎ› ይጀምራል። ‹ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና ናቸው?› ይላል። ቅድም ጠይቆ እኮ ነው! የደወለበትን ነገር ሳይናገር ሦስት ደቂቃው ያልቃል። እኔ ደግሞ እሰማለሁ፤ ‹ዋናውን ተናገር እንጂ!› ልለው እፈልጋለሁ፤ መግባት ግን አልችልም። አንቺ ስምንት ወር ሙሉ በየማታው ‹ደህና ነህ› ትያለሽ። መጨረሻውን ከሰማሁት ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ልትደርሽበት ስትይ ልቤ ይሰቀላል። ከዚያ እግርሽ ወለሉን ይመታል፤ ‹ከመጀመሪያው›። አልቻልኩም። ሳይቋረጥብኝ እኔው ልቁረጠው ብዬ ነው።»

«አባባ ‹ከመጀመሪያው› ነበር የሚለው! እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«ሆቴል ነዋ የሰማሽው። ለባንዱ ነው እንዲያ የሚለው፤ ከበሮ መቺው ሁልጊዜ አርፍዶ እየመጣ ቢያስቸግረው። አንቺ ከእማማ ጋር ሆቴል ስትሄጂ እኔ ቤት ጠባቂ ነበርኩ፤ ብቻውን ሲለማመድ የምሰማው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ከታች ነበር የሚነሳው። መጨረሻውን ይይዝና ወደ ላይ ይመጣል። ‹መጀመሪያ ቤቱን ልወቀው፣ መንገዱ ከዚያ አይጠፋኝም› ይለኝ ነበር።»

ሁለቱ እህቶች አንድ አባት ነበራቸው ቢባልም እኩል አልደረሳቸውም፤ ለአንዷ የደረሳት የሆቴሉ፣ ለሌላዋ የቤቱ ነው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ታናሺቱ።

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች ታላቂቱ። «ሳይጠሩኝ መስመር ውስጥ መግባት አልለመድኩም።» ወደ ድንቹ እያየች፣ «ለምጄ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» ብላ ጨመረች።

ታናሺቱ ተነሳች። ስድስቱን ስፒሎች አንድ በአንድ ከደረቷ ነቅላ በሻይ ማስቀመጫው ላይ አኖረቻቸው፤ ሰባተኛዋን ጨመረችባቸው። ከቦርሳዋ ቁራጭ ገበር አወጣች፣ የወረቀቱን ሦስቱን መስመሮች ሸፈነችበት፣ እንዳይንሸራተት ከሰባቱ በሁለቱ ወጋችው። የቀረው አራተኛው መስመር ብቻ ሆነ። አኮርዲዮኑን አነገተች። ደረቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይወጋት ተቀበለው።

አየችው፤ ቀላል ነበር። ይህ አስገረማት። ረዣዥም ድምፆች፣ እርስ በርስ ተጎራባች የሆኑ፣ ጣት የማያሻግሩ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች የሚወርዱ፤ ቀን ሙሉ የሠራ ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን እንደሚያወልቅ። ይህን የመሰለ ገር መስመር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቃት፣ ያ አስቸጋሪ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ እንዳትገባ ሲያግዳት ኖሯል። ጀመረች። አምስተኛው ድምፅ ላይ ተሳሳተች። እግሯ ሊመታ ተነሳ፤ አየር ላይ አቆመችው። ደህናው ስፌት ምን አጠፋ? ቀስ ብላ አወረደችውና ከስህተቱ ሁለት ድምፅ ብቻ ወደ ኋላ ተመልሳ ያዘች፣ የተሰበረውን አለፈች፣ ትንሽ ገፋችበት። እንደገና። ከዚያ ከአራተኛው መስመር መግቢያ እስከ ዳር። ሬዲዮው ላይ የሚያወራው ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ጸጥ አለ፤ ፕላስተሩ ሲጮህ ሰምታለች፤ ማዞሪያው ዛሬ በሌላው በኩል ነው የዞረው። ሦስተኛ ጊዜ ስትጫወተው ዜማው ወረደ፣ ወረደ፣ የመጨረሻው ድምፅ ላይ ደርሶ ተቀመጠ። ወናፉን እስኪያልቅ ድረስ ይዛ ቆየችው።

ታላቂቱ ያልተላጠውን ድንች በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስትገልጠው እርጥብ ነው፤ ግን ምንም አላለችም። ሳይጠሯት አትገባማ።

«እትዬ» አለች ታናሺቱ።

«አቤት።»

«ነገ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ። ሰው ሁሉ ፊት የምጫወተው አራተኛውን መስመር ብቻ ነው፤ መጀመሪያውን መስማት የፈለገ ቤታችን ይምጣ።»